ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ቱርቦ ሸዋ ሮቢት ላይ እንዳይቀልጥ

ካንዴላውን ፈትቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ነጩ ሸክላ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ብርማ ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል። በጥፍሬ ብፈገፍጋቸው አይለቁም። አሉሚኒየም ናቸው። ካንዴላ ላይ ደግሞ አሉሚኒየም የለም። የመጣው ከፒስተኔ ነው።

ቦታው ሸዋ ሮቢት፣ መንገድ ዳር፣ ጥላ ሥር ነው። መኪናዋ አራት ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላት አሮጌ ኮሮላ ናት። ቱርቦ የገጠምኩላት እኔው ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታገላት ከርሜ የአየርና የነዳጅ ምጥጥኗ ልክክ ብሎልኝ ነበር። ለሠርግ ቆላ ወረድኩ። ሠርጉ ላይ የደረስኩት በባጃጅ ነው።

ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ ሎጉን አየሁት። በደቂቃ 4,200 ዙር፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት 156 ኪሎፓስካል፣ ምጥጥን 13.7። በዚህ ግፊት መሆን የነበረበት 11.5 አካባቢ ነው። ሞተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ረግጦት የማያውቀውን የነዳጅ ካርታውን (በየዙሩና በየግፊቱ ስንት ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነውን ሠንጠረዥ) ክፍል ቆላ ሲወርድ ረገጠው። እዚያ የነበረው ቁጥር ደግሞ የእኔ ግምት ነበር። ሙዚቃውን ከፍቼ፣ መስኮቱንም ከፍቼ ስለነበር ማንኳኳቱን (ነዳጁ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ) እንኳ አልሰማሁም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው። በላፕቶፕ የሚስተካከል ኢሲዩ (የሞተር ኮምፒውተር) ላላቸው ነው፤ እኔ የምጠቀመው ስፒዱኢኖ የሚባለውን ኢሲዩ ቱነርስቱዲዮ ከሚባለው ሶፍትዌር ጋር ነው። ሜጋስኩዌርት ያላችሁም ብዙ አትቸገሩም። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር ተንከባክበን መያዝ ግዴታችን ሆኗል። ስለዚህ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ

1 ኪሎ ቤንዚን ልኩን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ላምዳ 1 የሚባለው ይኼ ነው። ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ካለ ነዳጅ አንሶታል፤ ሊን ይሉታል። ዝቅ ካለ ነዳጅ በዝቶታል፤ ሪች ነው። ቱርቦ ሲነፋ ሆን ብለን ነዳጅ እናበዛለን፤ ትርፉ ነዳጅ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል። ለእኔ ሞተር የያዝኩት ግብ ይኼን ይመስላል፦

- ሚኒሞ ላይ፦ 14.0 እስከ 14.7
- ሜዳ ላይ በዝግታ ሲነዳ፦ 14.7
- 100 ኪሎፓስካል ላይ፦ 12.8 አካባቢ
- 140 ላይ፦ 11.8
- 160 እና ከዚያ በላይ፦ 11.5

ቤንዚናችሁ ውስጥ ኤታኖል ካለ 14.7 የሚለው ቁጥር ይወርዳል፤ ንጹሕ ኤታኖል ራሱ 9 ነው የሚፈልገው። ያኔ የምጥጥኑን ጌጅ በላምዳ ማንበብ ይሻላል። 11.5 ማለት ላምዳ 0.78 ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች እዚህ ያለን 72 ገደማ ብቻ ነው። ጣርማበር ላይ ወደ 70 ይጠጋል። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 87 ይሆናል። 100 ኪሎሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ።

የዌስትጌቱ (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው በር) ስፕሪንግ ይኼን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ከውጭው አየር በላይ 0.7 ባር ሲደርስ መክፈትን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 72 ሲደመር 70፣ ሞተሩ 142 ያገኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ 87 ሲደመር 70፣ 157። የቡስት ጌጁ፣ ማለትም ቱርቦው የጨመረውን ግፊት የሚያሳየው፣ ሁለቱም ቦታ 0.7 ይላል። ሹፌሩ ምንም ልዩነት አያይም። ሞተሩ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ላይ አየሩ ሞቃት ነው፣ ለማንኳኳት የተመቸ።

አንድ፦ ቀዳዳ ድፈኑ

ላፕቶፑን ገና አታውጡት። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያሉትን ላስቲኮችና ማሰሪያዎች አጥብቁ። ጭስ ማውጫው ላይ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የሚተነፍስ ቦታ ካለ የውጭ አየር ይገባና ጌጁ ሊን ያሳያችኋል፤ እናንተም በከንቱ ነዳጅ ስትጨምሩ ትውላላችሁ። የኮሌክተሩ ጓርኒሲዮን ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ እዚያ ጋ ነው። የማይተኩስ ካንዴላም እንዲሁ ያሳስታል። ያልተቃጠለው አየር በጭሱ ውስጥ ያልፍና ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ይላል።

ቀጥሎ የነዳጅ ግፊት። ሬጉሌተሩ ላይ ያለችው ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ከማኒፎልዱ (ለሲሊንደሮቹ አየር ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ጋር መገናኘቷን አረጋግጡ። መነሻው 3 ባር ከሆነ 0.7 ባር ቡስት ሲመጣ 3.7 መድረስ አለበት። ቱቦዋ ከወለቀች ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር የሚገፋው በ2.3 ብቻ ነው፤ ነዳጁ 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተር ለመብሳት 12 በመቶ ይበቃል።

ሁለት፦ ሴንሰሩን ትከሉ

የፋብሪካው ኦክስጅን ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ የሚያውቀው ከ14.7 በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ብቻ ነው። ምጥጥኑን በቁጥር የሚለካ፣ ዋይድባንድ የሚባል ሴንሰር ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ኪቶች ውስጥ ያለው የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው።

ቦታው ከቱርቦው በኋላ ነው፤ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ፣ ከቱቦው ላይኛው ክፍል በኩል። ቱቦውን እንደ ሰዓት ብታዩት ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ፤ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምለው። ከታች ከተከላችሁት ጠዋት ጠዋት የሚጠራቀመው ውሃ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ከማርሚታ ስንት ውሃ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ።

መግጠሚያው ጥርሱ 18 በ1.5 የሆነ ዳዶ ነው። በያጁ ጋ ስወስደው ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቱቦውን ገለበጡት።

«ማርሚታ ሰው የሚደፍነው ነገር ነው። አንተ ትበሳለህ?»

«ሙቀት መለኪያ ነገር ነው ጋሼ፣» አልኳቸው። ማስረዳቱ ረጅም ስለሆነ።

«እንግዲያው ትኩሳት ካለው ሐኪም ቤት ውሰደው» ብለው ሳቁና አሳምረው በየዱልኝ።

ሲበየድ ሴንሰሩ እዚያ ላይ መኖር የለበትም። ከተገጠመ በኋላም መብራት ሳይሰጠው ሞተር አታስነሱ፤ ማሞቂያው ካልሠራ ጥላሸት ይበላዋል። ኪቱ የነፃ አየር ካሊብሬሽን የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ሴንሰሩን ሳትገጥሙ፣ ከጭስ ርቃችሁ አድርጉት።

ሦስት፦ ኢሲዩው እውነቱን ማወቁን አረጋግጡ

ቁልፍ ክፈቱ፤ ሞተር አታስነሱ። ስክሪኑ ላይ ያለውን የማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው) ንባብ እዩ። ደብረ ብርሃን ላይ ከሆናችሁ 72 አካባቢ ማለት አለበት። 100 ካለ ካሊብሬሽኑ የተሳሳተ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። እኔን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ለቱርቦ ቢያንስ 250 ኪሎፓስካል ማንበብ የሚችል ሴንሰር ያዙ። የፋብሪካው ሴንሰር ቡስት ሲመጣ ጣሪያው ላይ ይቆማል።

የውሃና የአየር ሙቀት ንባቡ ጠዋት ላይ እኩል መሆን አለበት፤ መኪናው አድሮ ቀዝቅዟልና። የላፕቶፑ ጌጅ የሚያሳየው ምጥጥን ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙንም እዩ። ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) በመብራት ለኩ።

ታይሚንግ ካነሳን፦ ቡስት ውስጥ ለእያንዳንዱ 7 ኪሎፓስካል 1 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ መልሱና እዚያው ተዉት። ነዳጅና ታይሚንግ በአንድ ቀን አይነካኩም። ሁለቱንም ከነካችሁ የቱ እንዳሻሻለ የቱ እንዳበላሸ አታውቁም።

አራት፦ ኢንጀክተሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 150 የፈረስ ጉልበት ከ4 ኢንጀክተር ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ በደቂቃ 300 ሲሲ ያህል መስጠት አለበት፤ ያውም 80 በመቶ ተከፍቶ። እኔ 440 ገጠምኩ። በሎጉ ላይ ስንት በመቶ እንደሚከፈት ተከታተሉ። 6,000 ዙር ላይ ያላችሁ ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ 17ቱን ከተከፈተ 85 በመቶ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ።

ኢንጀክተሩ ለመከፈት የሚያባክናት ጊዜ አለች፤ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ። ትክክል መሆኗን ለማወቅ ሚኒሞ ላይ እያለ የፊት መብራቱንና ቬንትሌተሩን በአንዴ አብሩ። የባትሪው ቮልቴጅ ወረድ ይላል። ምጥጥኑ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ይህቺ ቁጥር አልተስተካከለችም።

አምስት፦ ሚኒሞና ሜዳ

የነዳጁን ካርታ እንደ ገበጣ አስቡት። ወደ ጎን ዙር፣ ወደ ላይ ግፊት፣ በየቤቱ አንድ ቁጥር። ሞተሩ በሄደበት ቤት ያለውን ቁጥር ያነሳል። የእኛ ሥራ ቤቶቹን አንድ በአንድ መሙላት ነው።

ሞተሩ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ። ኢሲዩው በሴንሰሩ ራሱን እንዳያርም የኦክስጅን እርማቱን አጥፉ። አለበለዚያ እናንተ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ ትጎትታላችሁ። ከዚያ ሚኒሞውን አስተካክሉ። ሚኒሞ ላይ 14.7 ካላረጋጋው 14.0 ስጡት፤ ብዙ አትከራከሩት።

ለመንገዱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ላፕቶፑን ይይዛል። ሹፌሩ ስክሪን አያይም። ይኼን ብቻውን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ አሁን መኪና የለውም። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ያለው ሜዳ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ግን የደሴ መንገድ ነውና ከባድ መኪና አይጠፋም። የገበያ ቀን አትምረጡ፣ በግና አህያ መንገዱን ይሞላዋል። እሑድ ጠዋትም ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው አለ።

በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ዙሩን ያዝ አድርጋችሁ በዝግታ ንዱ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆዩ። ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ዙሩ ሲያንስ መዘግየቱ ይብሳል። ቱነርስቱዲዮ ይኼን ራሱ እየተከታተለ የሚሞላበት መንገድ አለው። እኔ ግን ለቡስቱ ክፍል በእጄ መሙላት ነው የምመርጠው።

ስድስት፦ ቡስት

መጀመሪያ መቁረጫውን አስተካክሉ። ግፊቱ 150 ሲያልፍ ኢሲዩው ነዳጁን እንዲቆርጥ አድርጉ። ይኼ ሳይኖር አንድም ሙከራ የለም። ቡስቱን ስፕሪንጉ ከሚሰጠው በላይ አታድርጉ።

ቀጥሎ ቡስት ያለበትን የካርታውን ክፍል በሙሉ 10 በመቶ ከፍ አድርጉ። ከሪች ወደ ልኩ መውረድ ነው እንጂ ከሊን መውጣት አይሞከርም። ከሪች ስትወርዱ የምትከስሩት ጥቂት ቤንዚንና ትንሽ ጥቁር ጭስ ነው።

እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 100 ኪሎፓስካል የሚለው ረድፍ ሌላው ዓለም ላይ ቡስት የሌለበት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 28 ኪሎፓስካል ቡስት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ካርታ ስትጭኑ ይህ ረድፍ በጣም ሊን ሆኖ ታገኙት ይሆናል። አትደንግጡ፣ ሙሉት።

ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ቃል ተስማሙ። የእኛ «ልቀቅ!» ነው። ላፕቶፑን የያዘው ከ110 ኪሎፓስካል በላይ 12.5ን ያለፈ ቁጥር ካየ ይጮኻል፤ ሹፌሩ ለምን ሳይል እግሩን ያነሳል። ጭውውት በኋላ።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ከ2,500 እስከ 4,500 ዙር፣ መጀመሪያ ነዳጁን ግማሽ ብቻ ረግጣችሁ ሞክሩ። መንገድ ዳር ቁሙ። ሎጉን ክፈቱ። አንድ ምሳሌ፦ 3,500 ዙርና 140 ኪሎፓስካል ላይ ቤቱ ውስጥ ያለው ቁጥር 78 ነው። ጌጁ ያሳየው 12.6፣ የፈለግነው 11.8። 78ን በ12.6 አባዙ፣ በ11.8 አካፍሉ። 83 ይመጣል። ያን ጻፉ። በዙሪያው ያሉትን ቤቶችም በዚያው ልክ አለስልሱ፤ አንዱ ቤት ብቻውን እንደ ጉብታ መቆም የለበትም። ከዚያ ድገሙ። ከዚያ ፔዳሉን ጨምራችሁ ርገጡ። ከዚያ ሙሉውን ርገጡ።

በየአራት በየአምስት ሙከራው ካንዴላ ፈትታችሁ እዩ። ቡናማ ቢጫ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ወይም እነዚያ የጤፍ ፍሬዎች ካሉ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ሰባት፦ ቆላ መውረድ

የሰነፍኩት እዚህ ጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 142 ድረስ ያሉት ቤቶች በሙሉ በእጄ የተሞሉ ነበሩ። 160 ያለው ረድፍ ግን ከመጀመሪያው በግምት እንደሞላሁት ተቀምጧል። መቁረጫውንም «ጨረስኩ» ብዬ ወደ 180 ከፍ አድርጌው ነበር።

ከመውረዳችሁ በፊት ከ150 በላይ ያሉትን ረድፎች ከታችኛው ጎረቤታቸው ቀድታችሁ ከ5 እስከ 8 በመቶ ጨምሩባቸው። መቁረጫው 150 ላይ ይቆይ። መንገዱ ክፍት መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጣርማበር ላይ ምንም አትሞክሩ። ጭጋጉ፣ ጠመዝማዛው፣ ከባድ መኪናው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የከፈተው ዋሻም ጠባብ ነው። (ካንዴላና ማርሚታ የሚሉትን ቃላት የተዉልንም እነሱው ናቸው።) በማርሽ ተይዛችሁ ውረዱ።

ደብረ ሲና ቁሙ። ቆሎ ግዙ። ዋናው ግን ሞተሩን ማጥፋቱ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ኢሲዩዎች የውጭውን የአየር ግፊት የሚለኩት ቁልፍ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አስነስታችሁ ሳታጠፉ ሸዋ ሮቢት ከደረሳችሁ እሱ አሁንም ብርዱ አገር ያለ ይመስለዋል። ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ከገጠማችሁ ይኼ ጣጣ የለባችሁም። አርማንያ ላይም አጥፍታችሁ አስነሱ።

ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ቁልፍ ከፍታችሁ 87 አካባቢ ማለቱን እዩ። ከዚያ መቁረጫውን 165 አድርጉና ደረጃ ስድስትን ከግማሽ ነዳጅ ጀምራችሁ ድገሙት። ሞተሩን ካደስኩ በኋላ ተመልሼ ስሠራው 160 ረድፍ ላይ 3,500 ዙር ያለው ቤት 76 ነበር፤ ጌጁ 12.9 አለ። ግቡ 11.5 ነው። ሒሳቡ 85 አወጣ። 9 ነጥብ ነው ልዩነቱ። ፒስተኑን የበላችው ያቺ 9 ናት።

ሙከራውን ረፋድ ላይ ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ የሚገባው አየር ስለሚግል ሞተሩ ለማንኳኳት ይፈጥናል። የአየር ሙቀቱ ንባብ 60 ዲግሪ ካለፈ ማሳረፍ ነው፤ ማንጎ እየበሉ መጠበቅ ይቻላል።

ቡስቱን በኤሌክትሮኒክስ የምትቆጣጠሩ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለባችሁ። ኢሲዩው የትም ቦታ 170 ስጠኝ ካላችሁት ደብረ ብርሃን ላይ ቱርቦው አየሩን 2.4 ጊዜ ያህል መጭመቅ አለበት፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 1.7 ብቻ ነበር። ትንሽ ቱርቦ ይኼን አይችልም። ደጋ ላይ ግቡን ዝቅ አድርጉለት።

ስምንት፦ የጠዋቱ ብርድ

ይኼ መጨረሻ የሚሠራው ዋናው ካርታ ካልተሞላ ስለማይስተካከል ነው። ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚጨመረው ነዳጅ በመቶኛ ይጻፋል፤ 80 ዲግሪ ላይ 100 በመቶ መሆን አለበት፣ ማለትም ምንም ጭማሪ የለም። ከዚያ በታች በየ10 ዲግሪው እየጨመረ ይሄዳል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ መስታወቱ ሳይጠረግ ላፕቶፑን ይዛችሁ ግቡ። አስነሱ። በየ10 ዲግሪው ምጥጥኑን እያያችሁ ቁጥሯን አስተካክሉ፤ ሲቀዘቅዝ 13 አካባቢ ይመቸዋል። እጃችሁ ይደነዝዛል፣ ጣታችሁ የተሳሳተ ቁልፍ ይነካል፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ። ያላችሁ ጊዜ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ያመለጣችሁን ቁጥር ለመያዝ እስከ ነገ ጠዋት መጠበቅ ነው።